ኖርማል የተባለው ውሃ

አመለወርቅ፣ ማክሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ እጅሽን አውጥተሽ የጠየቅሽኝን ጥያቄ አልመለስኩልሽም። የመለስኩ መስዬ አለፍኩት።

«መምህር፣ ኖርማል ማለት ምን ማለት ነው?» ነበር ያልሽው። እኔም ደስ አለኝ። የእንግሊዝኛ መምህር እንዲህ ያለ ጥያቄ በየቀኑ አያገኝም። ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳውን ሞላሁት። ለሐኪም ሲሆን ጤነኛ ማለት ነው አልኩ። ለስታትስቲክስ ባለሙያ ብዙው የሚገኝበት መካከለኛው ስፍራ ነው። ለጂኦሜትሪ አስተማሪ በአንድ ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ነው። ለኬሚስት የአንድ ፈሳሽ የጥንካሬ መለኪያ ነው። ለመካኒክ ደግሞ ማሽኑ እንደ ወትሮው ይሠራል ማለት ነው። መንገድ ላይ ለቆመ ጎረምሳ «ምን ችግር አለው» ማለት ነው ስል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም። ሁሉንም ገለበጥሽና፣ ቀስ ብለሽ፣ «እናቴ አንገቷ ላይ አብጦባት ነበር። ጤና ጣቢያ አይተው ኖርማል ነው ብለው መለሷት። ከነዚህ የትኛው ነው?» አልሽኝ። ደወሉ ተደወለ። «ሐኪም ካለው የሐኪሙ ነዋ» ብዬ እጄን አራግፌ ወጣሁ።

የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ከበደኝ። አሁን ሰሌዳውን ትቼ በሌላ መንገድ ልመልስልሽ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ለመንደሩ ውሃ ያመጣ ሰው።

መንደሩ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ሙቀት በሚያይልበት ሜዳ ላይ ነው። ድሮ ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ይመለሱ ነበር። የሚቀዱትም ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ ነው። ሕፃናት በተቅማጥ ያልቁ ነበር። ሰውየው ከመንደሩ ልጆች መካከል ትምህርቱን የጨረሰ እሱ ብቻ ነው። ከቢሮ ቢሮ እየዞረ፣ ደጅ እየጠና፣ እየተለማመጠ፣ አንዳንዴም እየተሰደበ ለመንደሩ ለመነ። በመጨረሻ የጉድጓድ መቆፈሪያው መኪና አቧራውን እያቦነነ ገባ። ውሃው ከጥልቅ ኩልል ብሎ ወጣ። የዚያን ዕለት ጎረምሶች ሰውየውን በትከሻቸው ተሸክመው መንደሩን አዞሩት። ሽማግሌዎች መረቁት። የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢም አደረጉት።

ይህን ያደረገ ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ልብ በዪልኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ለአንቺ መንገር ባላስፈለገኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ተቅማጡ ጠፋ። የልጆቹ ጥርስ ግን መልኩን መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ቡናማ፤ ከዚያ እንደ ዛገ ብረት ተቦረቦረ። የሁሉም ልጅ ጥርስ እንደዚያ ስለሆነ ማንም አልደነገጠም። እንዲያውም ልጆቹ ከሌላ አገር የመጣ ነጭ ጥርስ ያለው ልጅ ሲያዩ ይስቁበታል።

«ጥርስህ ገና አልበሰለም» ይሉታል። «ሂድና ፀሐይ ላይ ተሰጣ።»

ሰውየው የመጀመሪያ ልጁን ይዞ ወደ ከተማ፣ ወደ ጥርስ ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ የልጁን አፍ ከፍቶ አየና ከየት እንደመጡ ጠየቀ። ከዚያ በማይጠመዘዝ አማርኛ ነገረው።

«ውሃችሁ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በዝቷል። አሁን የያዘው ጥርሱን ነው፤ ሲቆይ አጥንት ውስጥ ይገባል። ትንንሾቹን ከዚያ ውሃ አርቃቸው። ለሰፈሩም ንገር።»

«አፍልተን ብንጠጣውስ?» አለ ሰውየው።

«ስታፈላው የሚተነው ውሃው ነው። ማዕድኑ ከታች ይቀራል። ይብሳል እንጂ አይሻልም።»

«ታዲያ ምን እንጠጣ?»

«ቤታችሁ ቆርቆሮ አይደለም እንዴ? ዝናብ አጠራቅሙ።»

ሰውየው በአውቶቡስ ሲመለስ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ መጣ። ሰዎቹን ሰብስቦ፣ ከፊታቸው ቆሞ፣ ያመጣሁላችሁ ውሃ አጥንት ያጎብጣል ሊላቸው ነው። አውቶቡሱ አቆመ። ሲወርድ አንዲት ባልቴት ጄሪካኗን አስቀምጣ መንገዱ ዳር አረፍ ብላ ነበር። «ዕድሜህን ያርዝመው» አለችው፤ «ወገባችንን ያሳረፍከው አንተ ነህ።» የተዘጋጀው ንግግር እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። ነገ እላለሁ አለ። በማግስቱም ነገ እላለሁ አለ።

ለራሱ ልጆች ግን ነገ አላለም። በዚያው ወር በጣሪያው ዙሪያ አሸንዳ አስገጠመና ከቤቱ ጥግ ትልቅ ታንከር አቆመ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለው ጎረቤቱ።

«ለአትክልት ማጠጫ ነው።»

«የምን አትክልት?»

እውነትም አትክልት አልነበረውም። በማግስቱ ታንከሩ ሥር ፓፓያ ተከለ፤ ውሸቱ ምስክር እንዳያጣ ብሎ። ፓፓያው አደገ፣ አፈራም። ከዚያ በኋላ የተወለዱት ልጆቹ የዝናብ ውሃ እየጠጡ አደጉ፤ ጥርሳቸውም ነጭ ወጣ። ትምህርት ቤት «ያልበሰሉት» እየተባሉ ይሰደባሉ። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሲመጣ ሰውየው ይስቅና፣ «በእናታቸው ወጥተው ነው፤ እሷ ደገኛ ናት» ይላል።

ከዚያ ባለሙያዎች መምጣት ጀመሩ። እንግሊዝኛ የሚያውቀው ሰብሳቢው ስለሆነ የሚቀበላቸውም፣ ያሉትን ለመንደሩ የሚያስተላልፈውም እሱ ነበር።

መጀመሪያ የፓምፑ መካኒክ መጣ። ጆሮውን ቧንቧው ላይ ደቅኖ ሞተሩን አዳመጠና፣ «ኖርማል ነው» አለ። ግፊቱ አልቀነሰም ማለቱ ነው። ቀጥሎ የላቦራቶሪ ሰው በጠርሙስ ውሃ ወስዶ ተመለሰ። «ኖርማል ነው» አለ። እንዲመረምር የታዘዘው ተሕዋስያንን ብቻ ነበር፤ ተሕዋስያንም አላገኘም። ከእነሱ በኋላ ጥናት የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው የልጆቹን አፍ እያስከፈቱ ቆጠሩ። «ለአካባቢው ኖርማል ነው» አሉ። ብዙው ልጅ አንድ ዓይነት ነው ማለታቸው ነበር። ጤና ጣቢያ ያለው ሰው ደግሞ አንድ እግሩ የጎበጠ ልጅ መዝኖ፣ «ኪሎው ኖርማል ነው» ብሎ መለሰው።

ከነዚህ አንዳቸውም አልዋሹም። መካኒኩ ስለ ሞተር ተናገረ፤ የላቦራቶሪው ሰው ስለ ተሕዋስያን፤ አጥኚዎቹ ስለ ብዛት፤ የጤና ጣቢያው ሰው ስለ ኪሎ። ማንኛቸው ምን እንዳዩና ምን እንዳላዩ አብጠርጥሮ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ቃሉ በተነገረ ቁጥር፣ ክስ እንደተነሳለት ሰው፣ ቀለል ይለው ነበር። እውነቶቹን ሁሉ ለቃቅሞ አንድ ውሸት ሠራባቸው። መንደሩን ሰበሰበና፣ «ባለሙያዎቹ በየተራ መጥተው አይተዋል። ሁሉም ኖርማል ነው ብለዋል» አለ። ሰዎቹ አጨበጨቡ።

ቃሉ መንደሩ ውስጥ ገባና ቤት ሠራ። አንገታቸው ደርቆ መዞር ያቃታቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከኋላቸው የጠራቸውን ለማየት ሙሉ ገላቸውን ነበር የሚያዞሩት። «አንገትዎን ምን ነካዎት?» ሲሏቸው፣ «ባለሥልጣን ሆንኩ መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ማየት ተሳነኝ» እያሉ ያስቃሉ። ከዚያ ይጨምሩና፣ «እርጅና ነው፤ ኖርማል ነው ተብያለሁ» ይላሉ። ሰብሳቢውም አብሮ ይስቃል።

አንድ ቀን የቦና እናት ደጁ መጣች። ቦና የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ቁርጭምጭሚቶቹ ሲገናኙ ጉልበቶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ይቀራል፤ እንደ ቅስት የጎበጠ እግር ነው ያለው። ሁለተኛዋ ልጇ ሶሬቲ ትባላለች፤ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች።

«ጋሼ፣ ሶሬቲን ጡት አስጣልኳት» አለች።

«ደግ አደረግሽ።»

«እና ውሃውን ልስጣት ወይ ልልህ ነው የመጣሁት።»

«ሌላ ምን ልትሰጫት ኖሯል?»

«የቦና እግር እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ባለፈው አንድ መንገደኛ ሹፌር ከቧንቧው ጠጣና እዚያው ተፋው። ይሄ ውሃ አይደለም፣ ልጆቻችሁን አታጠጧቸው አለን።»

«ሹፌር ስለ ውሃ ምን ያውቃል? ስለ ጎማ ጠይቂው።»

ፈገግ አለች፤ ግን አልሄደችም። ግቢው ውስጥ የሚጫወተውን ትንሹን ልጁን ታየው ነበር።

«ያንተ ልጆች ጥርሳቸው ለምን አልበሰለም?» አለች።

«በእናታቸው ወጥተው ነው አልኩሽ እኮ። ይልቅ ስሚኝ፣ ስንት ባለሙያ አይቶታል። ኖርማል ነው ተብሏል። ኖርማል ነው።»

አሁንም አልሄደችም። ጥያቄዋን ሳትጨርስ በሩ ላይ ቆመች። ሰውየው ያንን አቋቋሟን መሸከም አቃተው። አንድ ነገር ይዛ እንድትሄድለት ብሎ፣ «እንግዲህ ለሕፃን ስለሆነ አፍልተሽ ስጫት» አላት።

ፊቷ በራ። እጁን ስማ ሄደች። ሐኪሙ ስለ ማፍላት የነገረው ቃል እያንዳንዱ ትዝ ይለው ነበር። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የማይል ማን አለ፣ ጤና ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይሉት የለም እንዴ፣ ክፉ ምክር አልመከርኳትም አለና ወደ ቤቱ ገባ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ቦታ ነው፣ አመለወርቅ። ዝም ቢላት በተሻላት ነበር። ያንን ያህል የምታምነው እናት ከደጁ እንድትሄድለት ብቻ ለልጇ የማይሆነውን ነገር በእጇ አስይዞ ሸኛት።

ከዚያ ሶሬቲ አደገች። ቦናም አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሲሮጥ እግሩ ተጠላልፎ ወደቀ። ከቆመበት ነው የወደቀው፤ ድንጋይ እንኳ አልነበረም። አጥንቱ ግን እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ። ወጌሻ መጥቶ አሰረለት። ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀው ገባ። ሰብሳቢውም ሄደ፤ ቢቀር ያሳፍራልና።

ቤቱ ውስጥ ቦና መደቡ ላይ ተጋድሟል። አንገታቸው የማይዞረው ሽማግሌ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዲት ጎረቤት ሴትም አለች። ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል፤ ከሥሩ እሳቱ ይንቦገቦጋል።

«ግባ ጋሼ፣ ግባ» አለች የቦና እናት። ብርጭቆ አጥባ ከሌላ ዕቃ ውሃ ቀዳችለት። «ይሄ የሶሬቲ ውሃ ነው። ለክብር እንግዳ ካልሆነ አላወጣውም።»

«ማገዶውን ጨረሰችው እኮ» አለች ጎረቤቷ። «ዛፍ አታስቀሪልንም ወይ ስላት ለሶሬቲ አጥንት ነው ትለኛለች።»

«አፍልተሽ ስጫት ካለኝ ጀምሮ አንድ ቀን አላጓደልኩም» አለች የቦና እናት ወደ እሱ ዞራ። «ሌላው ሰው ገንፈል ሲል ያወርደዋል። እኔ ግን ድስት ሙሉው ግማሽ ሳይሆን አላወርደውም። ቀጭኑ ይሂድ፣ ፍሬው ይቅርላት ብዬ።»

ሰውየው ድስቱን አየ። በከንፈሩ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበታል። በየቀኑ ግማሹን ስታተን፣ የቀረውን ስታጠጣ፣ ስንት ዓመቷ ነው? ማዕድኑን እጥፍ አድርጋ ነው የሰጠቻት። ከመንደሩ እናቶች ሁሉ አብልጣ የታዘዘችው እሷ ናት። ከመንደሩ ልጆች ሁሉ አብልጣ የጠጣችውም የእሷ ልጅ ናት።

«ለቦና ያኔ አላፈላሁለትም» አለች እናትየዋ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ ብዙ ጊዜ እንደተናገረችው ነገር። «አላወቅኩም ነበር። እግሩ የሆነው በእኔ ስንፍና ነው።»

«እማዬ፣ ተይው በቃ» አለ ቦና ከመደቡ ላይ።

ሰውየው ብርጭቆውን ይዞ ቀረ። ሁሉም ያዩታል። አሁን መናገር ይችል ነበር። አፉን ከፍቶ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ቢላት የዓመታት ሸክም ከላይዋ ይወርዳል፤ ግን ተነስቶ የሚጫነው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ጠጣው። አንድ ብርጭቆ አዋቂን እንደማይጎዳ ያውቃል። እስከ መጨረሻው ጠጣው። መርዙን መጠጣት ከመናገር ቀለለው።

«አያችሁ» አሉ ሽማግሌው። «ራሱ ይጠጣዋል። እናንተ የሹፌር ወሬ ትሰማላችሁ።»

ሶሬቲ ብርጭቆውን አይታ ውሃ አማራት። እናቷ የቀረውን በኩባያ ቀዳችላት። ልጅቷ ኩባያውን ለመቀበል ተነስታ መጣች፤ ሰውየውም ስትራመድ አያት። ጉልበቶቿ ወደ ውጭ ወጥተዋል። ቦና በሷ ዕድሜ ከነበረው ይብሳል። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፏ አስጠጋችው።

ሰውየው በእጁ መታው። ኩባያው ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ውሃውም ፈሰሰ። ልጅቷ ደንግጣ ማልቀስ ጀመረች።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች እናትየዋ።

«ውሃው ነው» አለ። «የቦናን እግር ያጎበጠው ውሃው ነው። ማዕድን አለበት። ሲፈላ ይብስበታል።»

እናትየዋ ሶሬቲን ወደ ራሷ ሳበቻት። ድስቱ ይንተከተካል።

«ማነው ያለህ?»

«ሐኪም ነው የነገረኝ። ከተማ።»

«መቼ?»

ወደ ተንከባለለው ኩባያ ጎንበስ አለ።

«መቼ ነው የነገረህ?»

መደቡን አየ። «ቦና ሳይወለድ» አለ።

ጎረቤቷ ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሽማግሌው አንገታቸው አልዞር ስላለ መላ ገላቸውን በቀስታ አዞሩና ፊት ለፊት ተመለከቱት። «እኔን ምን ነበር ያልከኝ?» አሉት። «እርጅና ነው አልከኝ። ስትስቅብኝ ከረምክ፣ አይደል?»

እናትየዋ አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ያኔ ደጅህ ድረስ መጥቼ ስጠይቅህ ምን ነበር ያልከኝ?» አለችው። «ቃሉ ምን ነበር? ድገመው እስኪ።»

ወደ በሩ ዞረ።

«ድገመው። ቦናም ይስማህ።»

«ኖርማል ነው» አለ ሰውየው።

ለስንት ዓመት ሲናገረው ቀላል ነበር። ያኔ ውሃውን ይሸፍን ነበር፤ ጥርሱን፣ ጉልበቱን፣ የደረቀውን አንገት ሁሉ ይሸፍን ነበር። አሁን በእንጨት በታሰረ እግር አጠገብ ሲባል ግን ምንም አልሸፈነም። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን በራሱ ጆሮ ሰማው።

እናትየዋ ድስቱን ከእሳት አወረደችና ደጅ ደፋችው። ኩባያውን ከወለሉ አነሳች። ሶሬቲን አቅፋ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ማንም አልጠየቃትም፤ ተከተሏት። ሽማግሌውም እያዘገሙ ተከተሉ። ሰውየው ከሁሉም ኋላ ሄደ።

የሰብሳቢው ግቢ ገባች። ፓፓያው ሥር ቆማ የታንከሩን ቧንቧ ከፈተች፤ ማንንም አላስፈቀደችም። የሰውየው ሚስት ድምፅ ሰምታ ወጣች። «እሱ እኮ ለአትክልት...» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ የባሏን ፊት አየችና አረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ቆመች።

እናትየዋ ኩባያውን ሞልታ ለልጅቷ ሰጠቻት። ሶሬቲ አንድ ጉንጭ ወሰደችና ወዲያው ተፋችው።

«እማዬ፣ ይሄ ውሃ አይደለም» አለች። «ምንም አይልም።»

ከጡት ከወጣችበት ቀን ጀምሮ የምታውቀው ያንን የከበደውን ውሃ ብቻ ነው። ንጹሑ ለአፏ እንግዳ ሆነባት። ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ፣ ወደ ራሷ ውሃ እንድትመልሳት እናቷን ለመነቻት።

የቦና እናት ኩባያውን እንደገና ሞላችና የልጅቷ አፍ ላይ ይዛ ቆመች። ልጅቷ እያለቀሰች አንድ ጉንጭ ዋጠች። እናቷ ኩባያውን አላወረደችም። ልጅቷ ደግሞ አንድ ጉንጭ ዋጠች።

አመለወርቅ፣ ያ ቃል እንደዚያ ውሃ ነው። ሲያዩት ጥርት ያለ ነው። መካኒኩም፣ የላቦራቶሪውም ሰው፣ ሐኪሙም በየዕቃቸው ይቀዱታል፤ ለየሥራቸውም ይበጃቸዋል። እነሱን አልወቅስም። የሚያንገበግበኝ ለአንዱ ዕቃ የተቀዳውን ወስዶ በሌላው ሰው ልጅ አፍ ውስጥ የሚያንቆረቁረው ነው። ምጥ የያዛት ሴት ኮሪደር ላይ ሰዓታት ስትተኛ ኖርማል ነው ይባላል። ልጃገረድ ትምህርት ቤት ስትመጣ መንገድ ላይ እጇን እየያዙ ሲጎትቷት ኖርማል ነው ይባላል። መማሪያ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ መሬት ላይ ሲቀመጥ ኖርማል ነው ይባላል፤ ይህን የምንለው እኛ መምህራኑ ነን። እየለመድነው መጣን፤ አሁን እውነቱ ሲሰጠን እንደ ሶሬቲ ምንም አይልም እያልን እንተፋዋለን።

አንቺ የቃሉን ትርጉም አልነበረም የጠየቅሽኝ። ጥያቄሽ «እናቴ ትድን ይሆን?» ነበር። እኔ ማክሰኞ ሰሌዳው ላይ ያደረግኩት ቃሉን ማፍላት ነው። ለዚህ ሙያ ይህ፣ ለዚያ ሙያ ያ እያልኩ ሰሌዳ ሙሉ አፈላሁና፣ አሳምሬ በብርጭቆ ቀድቼ፣ የክብር እንግዳ አስመስዬ ሰጠሁሽ። አንቺም እንደዚያች እናት ታዘዝሽኝ፤ ሁሉንም ገለበጥሽ።

እናትሽን ያየውን ሰው ምኑን አይተህ ነው ኖርማል ያልከው ብለን እንጠይቀዋለን። እብጠቱን በእጁ ነክቶታል ወይስ በዓይኑ ብቻ ነው ያየው? ከማን ጋር አስተያይቶ ነው? የራሱ እናት ብትሆን በዚያው ቃል ይሸኛት ነበር? መልስ ካለው ደስ ይለናል። ከሌለው ወደ ሌላ ሐኪም እንሄዳለን። ለርዕሰ መምህሩ ነግሬያለሁ፤ ሰኞ ጠዋት እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ አትጠብቁኝ፣ ከቤታችሁ መጥቼ እወስዳችኋለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ስለሰጠሁሽ መልስ ይቅር በይኝ።